ከበሩ አጠገብ ያለው ሚስማር

ነገሩን መጀመሪያ ያየችው ቁንዶ ናት። ያው፣ ቁንዶ ያላየችውን ማን ሊያየው። እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው፤ የስፌት ቤቱ ሰው ግን ምላሷን ቀምሶ ቁንዶ በርበሬ አላት፣ ውሎ አድሮ በርበሬው ቀረና ቁንዶ ብቻ ሆነች። የዚያን ቀን ጠዋት ለአውቶቡስ ሾፌሮች በታዘዘው ኮት ላይ እጅጌ ትገጥም ነበር። ግራውን ገጠመች፣ አማረ። ቀኙን ገጠመች፣ እምቢ አለ። ፈትታ እንደገና ገጠመች። አሁንም እምቢ። ከዚያ ኮቱን ብድግ አድርጋ ለበሰችው፤ ቀኝ እጇ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ከጀርባዋ ያለ ሰው የምትጠራ መሰለች።

«እታለም» አለች፣ ለወትሮው ድምፅዋ ጣሪያ የሚነካው ሴትዮ ቀስ ብላ። «እስቲ አንዴ ነይ።»

እታለም የስፌት ቤቱ አለቃ ናት። እሷም ስም አላት፤ ግን ተለማማጅ ሆና ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ ለታናናሾቿ ሁሉ እህት ስለነበረች እታለም ተባለች፣ አለቃ ስትሆንም ስሙ አብሯት ወጣ። መጣች፣ ኮቱን አየች፣ ከቁንዶ አጠገብ ካለው ክምር አንድ እጅጌ አነሳች። ግራ። ሌላ አነሳች። ግራ። ከሥር መዘዘች። እሱም ግራ። ክምሩን ብታገላብጠው ለመድኃኒት እንኳ አንድ ቀኝ እጅጌ አልተገኘም።

«ሾፌሮቹ ቀኝ እጅ የላቸውም እንዴ?» አለች ቁንዶ። ከጎኗ ያሉት ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸውን ዋጡት። የማን ሥራ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እዚህ ቤት ጨርቅ የሚቆርጡት ጋሽ መቀስ ናቸው።

ጋሽ መቀስ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሜትር አንገታቸው ላይ ሳያጠልቁ ቤታቸው እንኳ የማይገቡ ሰው ናቸው። ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ሰው ሲያስጠጉ ያየ የለም፤ ሴት ደግሞ ጭራሽ። «መስፋት ሌላ፣ መቁረጥ ሌላ» ይሉ ነበር። ምን ማለታቸው እንደሆነ እሳቸውም አያብራሩ፣ ጠይቆ በሰላም የተመለሰም የለም። ሥራቸውን ግን ማንም አይነቅፍም። እሳቸው የቆረጡት ኮት ትከሻ ላይ ቁጭ ሲል፣ የለበሰው ሰው ራሱ ቀጥ ይላል።

ከበሩ አጠገብ ያለውን ሚስማር የመቱትም እሳቸው ናቸው፤ የአሁኑ ባለቤት አባት በሕይወት እያሉ። ሕጉ ቀላል ነበር። ያበላሸ ሰው ያበላሸው ልብስ እዚያ ይሰቀልበታል። የገባ ሁሉ «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያበላሸው ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ «የኔ ነው» ይላል። ደንበኛ ይምጣ፣ ፖስተኛ ይምጣ፣ ክር ሻጭ ይምጣ፣ ለጠየቀ ሁሉ መነሳት ነው። ቁንዶ ልጇ ታሞባት እንቅልፍ ባጣችበት ሰሞን ኮሌታ ገልብጣ ሰፍታ ቀኑን ሙሉ ስትነሳ ስትቀመጥ ውላለች። እታለምም በጊዜዋ፣ ነፍሰ ጡር ሆና፣ ሆዷን በእጇ ደግፋ ተነስታለች። ያን ቀን ማታ ቤቷ ገብታ ምን እንደሆነች ለባሏ እንኳ አልነገረችውም።

አለቃ ስትሆን መጀመሪያ ያሰበችው ያንን ሚስማር መንቀል ነው። ግን ሹመቱን ሁሉም ለጋሽ መቀስ ነበር የጠበቀው፣ እሳቸውም ጭምር። ባለቤቱ ለሷ ሲሰጣት «ይቅናሽ» ብለው ጀርባቸውን ሰጧት፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን «አለቃ» ብለው ጠርተዋት አያውቁም፣ «አንቺ ልጅ» ናት። በዚህ ላይ ሚስማራቸውን ብትነቅል ሰውዬውን ራሳቸውን የነቀለች መሰላት። ይሉኝታ ያዛት። ስለዚህ ዝም ብላ ልብስ መስቀሉን ተወችው። አንዷ ስታበላሽ ልብሱን ይዛ ከአጠገቧ ትቀመጣለች፣ አብረው ይፈታሉ፣ አብረው ይሰፋሉ፣ አለቀ። ሚስማሩ ባዶውን ከረመ።

የዚያን ቀን ግን ቁንዶ ማንንም ሳታስፈቅድ ሁለት ግራ እጅጌ ያለውን ኮት ይዛ ሄደችና ሰቀለችው። የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

«አውርጂው» አለች እታለም።

«ለምን?»

«ይህን ነገር ትተነዋል። ታውቂያለሽ።»

«ስለተውሽው እግዜር ይስጥሽ» አለች ቁንዶ። ይህን ስትል አላሾፈችም። «ቆመን ያለቀስነው ግን እኛ ነን። የኛ ሲሆን ተሰቅሎ፣ የሳቸው ሲሆን ሊወርድ ነው? ይሄ ደግ መሆን ነው ወይስ ለወንድ ማድላት?»

እታለም ዙሪያውን አየች። አንድም ሰው «ተይ» አላላትም። በፀባይዋ የምትታወቀው ልብስ ተኳሿ እንኳ ካውያዋን ትኩር ብላ ታይ ነበር።

ክፋቱ፣ ቁንዶ እውነት አላት። ኮቱን ብታወርደው ለነዚህ ሁሉ ሴቶች «እንባችሁ ምንም አይደለም» ማለት ነው። ብትተወው ደግሞ ባለቤቱ ይመጣል፤ ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ብቅ ይላል። እሱ ደግሞ ጋሽ መቀስ አረጁ፣ በክብር እናሰናብታቸው ማለት ከጀመረ ሰንብቷል፤ የጎደለው ሰበብ ብቻ ነበር። ሰበቡ ይኸው በር ላይ ተሰቅሏል።

ጋሽ መቀስ ጠረጴዛቸው ዘንድ ቆመዋል፣ እጃቸውን ጨርቁ ላይ ዘርግተው። ፊታቸው ወደ ሚስማሩ ነው። መኪናዎቹ ዝም ማለታቸውን ሰምተዋል፣ የሆነ ነገር እንደተፈጠረም ገብቷቸዋል፤ ምን እንደተሰቀለ ግን አላወቁም። ይህን ያስተዋለችው እታለም ብቻ ናት።

እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ ለሷ አዲስ አልነበረም። ጠመኔውን አፍንጫቸው ሥር አድርገው ሲያዩት አይታለች። ሻይ ሲቀዱ ጣታቸውን ብርጭቆው ውስጥ ሲያስገቡ አይታለች። በር ገጭተው በሩን ሲቆጡም ሰምታለች። አይታ ዝም አለች። ዝምታዋን አክብሮት ነው ብላ ነበር የያዘችው።

«ጋሼ፣ ጨርቅ ቤት አንዴ ይምጡ» አለቻቸው።

ጨርቅ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ጣቃው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። በሩን ዘጋች። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም። «እጅጌው በሙሉ ግራ ሆኗል» አለች።

«አይሆንም።»

«ሆኗል ጋሼ።»

ትከሻቸው ወረደ፤ ምን እንደሠሩ የገባቸው ያኔ ነው። ጨርቅ ፊትና ጀርባ አለው። ሲነጠፍ አንዱን እያለፉ አንዱን ይገለብጡታል፣ ፊትና ፊት እንዲገናኝ፤ እንደዚያ ሲሆን አንድ ቁርጥ ግራውንም ቀኙንም ያወጣል። የኮቱ አካል ከድሮው ጨርቅ ተቆርጧል፤ ለእጅጌው የጎደለው ግን ከአዲስ ነጋዴ ነው የመጣው፤ ነጋዴው ጨርቁን ቆራርጦ፣ አንዱን በፊቱ አንዱን በጀርባው ደርድሮ ነበር የላከው። ጋሽ መቀስ እንደ ልማዳቸው አንዱን እያለፉ አንዱን ገለበጡ፤ የተገለበጠው ሁሉ ተመልሶ ቀና፣ ሁሉም በአንድ ፊት ሆነና ቁርጡ ግራ ብቻ ወጣ። ዓይን ያለው ሰው ገና ሁለተኛው ላይ ያየዋል። የድሮውን ጨርቅ በጣታቸው ይለዩት ነበር፤ ይሄ ግን ፊቱም ጀርባውም ለጣት አንድ ነው።

«አንድ ሰው ጠርተው ፊቱ የቱ ነው ቢሉ ምን ነበረበት?» አለች።

«ማንን ልጥራ? ቁንዶን?» አሉና በምሬት ሳቁ። «እኔ ነኝ ፊቱ የቱ ነው ብዬ የምጠይቅ? ሚስቴ እንኳ አታውቅም። ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ዘርግቼ እቀመጣለሁ፣ እያነበበ ነው ብላ አትረብሸኝም።»

እታለም የሰውዬውን ሚስት ታውቃታለች፤ እንዳትረብሻቸው ብላ በእግር ጣቷ ስትራመድ ታየቻት።

«ስሚ፣ አንቺ ልጅ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጨርቁ ነው በያቸው። ነጋዴው አሳሳተን በይ። አንቺን ያምኑሻል።»

ያምኗታል። ክፉው ነገር ደግሞ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። አንዲት ቃል ብትናገር ሽማግሌው ተርፈው ይውላሉ፣ የሴቶቹም ንዴት ይበርዳል፣ ባለቤቱም ነጋዴውን ተሳድቦ ይሄዳል። አፏ ላይ መጥቶላት ነበር።

«እሺ ብል፣ ነገ ያንን የኤሌክትሪክ ጨርቅ መቁረጫ ቢላ ይዘው ሲቆሙ እኔ ምን ልሆን ነው?» አለች። «ጣትዎን ቢወስደውስ?»

«ጣቱ የኔ ነው።»

«ጣቱ የእርስዎ ነው ጋሼ። ቢላው ግን በኔ ኃላፊነት ነው የሚዞረው። ከዛሬ ጀምሮ አይነኩትም።»

እንዲህ ትላለች ብለው አልጠበቁም። «ልታባርሪኝ ነዋ» አሉ።

«እንደሱ አልወጣኝም።»

«ቢላ የሌለው ቆራጭ ምኑ ነው? ቤቴ ገብቼ ምን ልሥራ? ቀኑን ሙሉ ያንን ጋዜጣ ይዤ ልቀመጥ?»

መልስ ሳትሰጣቸው ከውጭ የባለቤቱ ድምፅ ተሰማ። «የማን ነው?»

ባለቤቱ ስፌት ቤቱ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው፤ በመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር የክር ማጠንጠኛ እያንከባለለ። አባቱን ተክቶ ሰው ሲያስተዳድር የአባቱን ኮት የለበሰ ይመስላል፣ ትንሽ ይሰፋዋል። በልጅነቱ «የማን ነው?» ማለት ጨዋታው ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች ሲነሱለት ደስ ይለዋል። ዛሬ ሲጠይቅ ማንም አልተነሳም።

እታለም ከጨርቅ ቤቱ ወጣችና መሐል ላይ ቆመች። «የኔ ነው» አለች።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምትቆርጪው?»

«አልቆርጥም። የማስቆርጠው ግን እኔ ነኝ። ሌላ ዓይን ከጎን መቆም እንዳለበት አውቅ ነበር፤ ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ። እሱ የኔ ነው።»

«እሱን ተይውና፣ የቆረጠው ማን ነው?»

ባለቤቱ የማን እንደሆነ ጠፍቶት አይደለም፤ ከአፏ መስማት ፈልጎ ነው። እሷም አልመለሰችም። ያኔ ከኋላዋ የጨርቅ ቤቱ በር ሲጥጥ አለ።

«የኔ ነው» አሉ ጋሽ መቀስ። «የሷ አይደለም። የራሴን ጥፋት ለማንም አልሰጥም።» ቀጥለውም፣ «ዓይኔ አያይም» አሉ። «ከዓመት በላይ ሆኖታል።»

ይህን ሲናገሩ ወደ ባለቤቱ ዞረዋል፤ ግን ፊታቸው እሱ ላይ ሳይሆን ከጎኑ ያለው ምሰሶ ላይ ነበር። ቁንዶ አፏን በእጇ ያዘች። የቀሩትም ሴቶች ያን ምሰሶ አዩ፣ እሳቸውን አዩ፣ ከዚያ ሁሉም አቀረቀሩ።

ባለቤቱም ደንግጧል፤ ክፉ ሰው አይደለም። ቀረብ ብሎ ክንዳቸውን ያዘ። «እንግዲያው ጋሽ መቀስ፣ ይበቃዎታል። ቤትዎ ገብተው ይረፉ» አለ። ቃሉ ለስላሳ ነበር፤ ማሰናበት ግን ያው ማሰናበት ነው።

«ቆይ፣ አስቀድመን ስለ ኮቱ እንነጋገር» አለች እታለም። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ነው፣ ከፍም ዝቅም አላለም። «የትልልቁን ልክ ግራ እጅጌ ከርክመን ለትንንሹ ልክ ቀኝ እናደርገዋለን፤ ጨርቁ ይበቃል። ለትልልቁ ቀሪ ጨርቅ እናስመጣለን። ትንንሹን ቀድመን እናስረክብ ብዬ አውቶቡስ መሥሪያ ቤት እደውላለሁ።»

«እስካሁን አልደወልሽም?»

«ልደውል ስል አንተ መጣህ።»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋ አመለጣት። ባለቤቱም ፈገግ ሊል ነበር፣ ተወው። «እሺ ኮቱስ ይሁን። እሳቸውስ? ያለኝ ስፌት ቤት ነው፣ መጦሪያ ቤት አይደለም።»

«ለምን ደበቁን?» አለች። «እሱን ጠይቅ እስቲ። አቃተኝ ያለ ሰው እዚህ ቤት ምን እንደሚጠብቀው አንተም ታውቃለህ፤ ጠያቂው ሁልጊዜ አንተ ነበርክ።» ወደ ሚስማሩ አየች። «ዛሬ ብታስወጣቸው፣ ነገ መርፌ የሰበረችው ትደብቃለች፣ እጇ የሚንቀጠቀጠው ትደብቃለች። እኔ የተደበቀ ነገር መምራት አልችልም። እሳቸው ሳይሆኑ ሥራው ነው የሚቀየረው። አይቆርጡም፣ ያስቆርጣሉ።»

ባለቤቱ አገጩን እያሻሸ ቆየ። «በአንቺ አንገት ነው» አለ በመጨረሻ።

«በኔ አንገት።»

ባለቤቱ ሲወጣ ማንም መኪናውን አላስነሳም። እታለም ወደ ጠረጴዛው ሄደች፣ ቢላውን ከሶኬቱ ነቀለችና ጋሽ መቀስ እጅ ላይ አስቀመጠችው። «ማን ይያዘው? እርስዎ ይምረጡ» አለች።

ሽማግሌው እጀታውን በአውራ ጣታቸው ሲያሹት ቆዩ። አንድ ሰው ደጋግሞ ንፍጡን ይስብ ነበር፤ ማን እንደሆነች በድምፅዋ አወቋት።

«ለቁንዶ» አሉ።

«ለኔ?» አለች ቁንዶ። «ኮቱን የሰቀልኩት እኔ ነኝ እኮ ጋሽ መቀስ።»

«አውቃለሁ። እጅጌው ላይ ያለውን ያየሽውም አንቺ ነሽ። ዝም የማትል ሰው ነው የምፈልገው፣ ዝም የሚልማ እኔ አለሁ።»

ቁንዶ እየሮጠች ሄደች፣ ኮቱን ልታወርድ። «ተይው» አሏት። በግድግዳው ጥግ ሄዱ፣ እጃቸው አልዳበሰም፤ በቀጥታ ሚስማሩን አገኘው። ራሳቸው የመቱት አይደል። ኮቱን አወረዱትና ክንዳቸው ላይ አጠፉት። «ስንቶቻችሁን ነው ያስነሳኋችሁ» አሉ ቀስ ብለው። እታለም ያኔ ነው ማልቀሷን ያወቀችው።

በማግስቱ ጉጠት ይዛ መጣች፣ ሚስማሩን ልትነቅል። «ተይልኝ፣ እፈልገዋለሁ» አሏት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችም፣ ጉጠቱን መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው።

አሁን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ሰላም የለም። ቁንዶ ትቆርጣለች፣ ጋሽ መቀስ መዳፋቸውን ጨርቁ ላይ አድርገው ከጎኗ ይቆማሉ፤ ቢላው ሲጣደፍ በድምፁ ያውቁታል፣ ይቆጧታል፣ እሷም አትቀርም። ከእያንዳንዱ ቁርጥ በፊት ግን «ጋሼ፣ ፊቱ ይሄ ነው» ብላ ጮክ ብላ ትናገራለች። ሌሎቹም ለመዱት፤ ያልገባት ሁሉ ትጠይቃለች፣ ያበላሸችው ሁሉ ትናገራለች። ስህተቱ የበዛ ይመስላል፤ አልበዛም፣ መሰማት ጀመረ እንጂ። ጋዜጣውም ቢሆን ቤት ውስጥ ሥራ አልፈታም። ሚስታቸው ጠዋት ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች፣ ከዚያ ክንዳቸውን ይዛ እስከ በሩ ታደርሳቸዋለች።

ኮቶቹን ሊረከብ ከአውቶቡስ መሥሪያ ቤት የመጣው ሰውዬ የቆየ ደንበኛ ነው፣ የቤቱን ልማድ ያውቃል። ገና እግሩን ሲያስገባ ከበሩ አጠገብ ያለው ሚስማር ላይ የተሰቀለ ኮት አየ። አፉ እንደለመደ፣ «የማን ነው?» አለ።

መኪናዎቹ ቀጥ አሉ። እታለም ካለችበት ልትነሳ ስትል ጋሽ መቀስ ቀደሟት።

«የኔ ነው» አሉ፣ እጃቸውን ከጨርቁ ሳያነሱ። «ሲመሽ ለብሼው እሄዳለሁ። ጠዋት መጥቼ እሰቅለዋለሁ። አለቃችን እዚያ ጋ ናት፣ ኮትህን ከሷ ተረከብ።»